«ጌም ብቻ ነው እኮ!»

ወላይታ ሶዶ ውስጥ አጥር ቀልድ አይደለም። አቅም ያለው ብሎኬት ደርድሮ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ይተክላል፤ ሌላው ቆርቆሮ ይመታል፤ የባሰበት ደግሞ በሩ ላይ «ተናካሽ ውሻ አለ» ብሎ ይጽፋል፣ ውሻው ባይኖርም። እንግዳ ሲያንኳኳ «ማነው?» ይባላል። «እኔ ነኝ» ካለ «አንተ ማነህ?» ይከተላል። ይህን ሁሉ ምርመራ አልፎ ሳሎን የገባ ሰው ግን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ዳንቴል የለበሰ ኮምፒውተር ያገኛል። ዳንቴሉን ገልጦ አንድ ቁልፍ ቢነካ የቤቱ ገመና ይዘረገፍለታል። ፓስወርድ የለውማ!

መጀመሪያስ ነበረው። ኮምፒውተሩን የሸጠላቸው ልጅ ለአባትየው አስገብቶላቸው፣ እሳቸውም እንዳይረሱት በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ስክሪኑ ጥግ ላይ ለጥፈውት ነበር (ሌባም ቢመጣ እንዳይቸገር)። ያነሣው የገዛ ልጃቸው ነው። ምክንያቱ ደግሞ ጌም።

ቤቱን የማንም ቤት አድርጋችሁ ውሰዱት፤ ከቦዲቲ እስከ አረካ አምሳያው አይጠፋም። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ደርሶት አርባ ምንጭ ገባ። ግራፊክስ ካርድ ያለው ደህናው ኮምፒውተር ሶዶ ሳሎን ቀረ። እጁ ላይ ያለችው ላፕቶፕ ኳስ ልታጫውት ቀርቶ ወርድ ስትከፍትም ታቃስታለች። ታዲያ አንድ የዶርም ሊቅ መከረው፦ «ምን ያስጨንቅሃል? ከዚህ ሆነህ የቤታችሁን ኮምፒውተር ተጫወትበት!»

ሊቁ አልዋሸም። ስቲም የተባለው የጌም መደብር በ2006 ዓ.ም. ጌምን በአንድ ቤት ውስጥ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ማስተላለፍ ጀመረ፤ በ2011 ዓ.ም. ከቤት ውጭ ላሉትም ፈቀደ። ሰንሻይንና ሙንላይት የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞችም አሉ፤ አንደኛው ቤት ይቀመጣል፣ ሁለተኛው ከተጫዋቹ ጋር ይሄዳል። ጌሙ የሚሠራው ሶዶ ነው። የስክሪኑ ምስል ታምቆ በኢንተርኔት አርባ ምንጭ ይደርሳል፤ ልጁ የሚጫነው ቁልፍ ደግሞ ወደ ሶዶ ይመለሳል። ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ በረኛው የሚወረወረው ኳሷ መረብ ከነካች በኋላ ነው፤ ይህን እንኳ ልጆቹ ለምደውታል። (በ2010 ዓ.ም. ዛማሌክን ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ያሰናበተው ወላይታ ዲቻ ጌሙ ውስጥ ስለሌለ፣ የሶዶ ልጅ ማንችስተርን ይዞ ይሰቃያል። ይህ የሌላ ቀን ትዝብት ይሁን።)

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ሁሉም «ጌሙ ይላካል» ይላል እንጂ የሚላከውስ የስክሪኑ ምስል ነው። ጌሙ ዝቅ ሲል ከሥሩ ያለው ዴስክቶፕ አብሮ ሊታይ ይችላል። የሚመጣውም ጨዋታ ሳይሆን እጅ ነው፤ የማውስና የኪቦርድ እጅ፣ የፈለገውን ፋይል መክፈት የሚችል እጅ።

ኮምፒውተሩ ከተኛ ወይም ከተቆለፈ ደግሞ ጨዋታው ያስቸግራል። ስለዚህ ልጁ ለክረምት ሲመጣ ፓስወርዱን አነሣ፤ እንዳይተኛም «መቼም» የሚለውን መረጠለት። ኮምፒውተሩ ሌትና ቀን አፍጥጦ ያድራል፤ አባትየው የመብራት ካርዱ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚያልቅ ሲጨነቁ ምጣዱን ይጠረጥራሉ። እንዲህ ያለውን ቤት ከክፉ የሚጠብቀው አንድ ነገር ቢኖር የመብራት መጥፋት ነው።

ቀጥሎ ማጣመር አለ። ሙንላይት አራት አሐዝ ይሰጣል፤ ቁጥሩ ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ መጻፍ አለበት። ታናሽ እህት ተደወለላት።

«እስቲ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ በይልኝ።»

«ወጥ ጥጄአለሁ፣ ምን ላድርግ?»

«አራት ቁጥር እነግርሻለሁ፤ ጽፈሽ እሺ በይው።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ጌም ብቻ ነው እኮ!»

ጻፈች፤ ወደ ወጧም ተመለሰች። አንዴ የተጣመረ መሣሪያ ሰው ካልሰረዘው እንደተጣመረ ይኖራል። ላፕቶፑ ቢሸጥ፣ ቢሰረቅ፣ ለዶርም ጓደኛ «ለአንድ ሌሊት» ቢዋስ፣ መግቢያው ከያዘው ሰው ጋር ነው። በር ላይ «አንተ ማነህ?» እያለች ሰው የምታቆመው ይህችው እህት ናት።

አሁን በዚህ መግቢያ ምን እንደሚታይ ለማየት ወደ በሬ እንምጣ። በወላይታ የጊፋታ በዓል ያለ በሬ አይታሰብም። ወንዶቹ ዓመቱን ሙሉ ተሰባስበው ለበሬ ይቆጥባሉ፤ ሴቶቹ ለቅቤ። መስከረም ላይ በዓሉ ሳይገባ ዕዳ ይከፈላል፣ የተኳረፈ ይታረቃል። አባትየው የሰፈሩ የበሬ ማኅበር ጸሐፊ ናቸው እንበል። የአባላቱን ስም፣ ስልክና መዋጮ በኤክሴል ይይዛሉ። የከፈለ በጥቁር፣ ያልከፈለ በቀይ። ንጹሕ ሥራ ነው፤ ፋይሉም ዴስክቶፑ መሐል ላይ «በሬ» በሚል ስም ተቀምጧል።

ቅዳሜ ማታ ነው። አርባ ምንጭ ዶርም ውስጥ ልጁ እየተጫወተ፣ ከኋላው ግማሹ ዶርም ቆሞ እየጮኸ ነው። ሶዶ ላይ አባትየው መነጽራቸውን አድርገው ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣሉ። ማንም ሳይነካቸው የሚሯሯጡ ኳስ ተጫዋቾች ያያሉ። «ይሄ ነገር ደግሞ ራሱን ከፍቶ...» ብለው ጌሙን ዝቅ አድርገው «በሬ»ን ይከፍታሉ። ልጁ ማውሱን ወደ ቀኝ ይጎትታል፣ አባትየው ወደ ግራ ይጎትታሉ። ጥቂት ከታገሉ በኋላ «ማውሱ ተበላሽቷል» ብለው ይፈርዳሉ፤ ሰኞ አዲስ ይገዛሉ። እስከዚያው ግን ዝርዝሩ አርባ ምንጭ ላይ ፍንትው ብሏል። ከተመልካቾቹ አንዱ የዚያው ሰፈር ልጅ ነው።

«ቆይ ቆይ፣ ያ አጎቴ አይደለም? ለምንድን ነው ቀይ የሆነው?»

ወሬው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሶዶ ገብቷል። አጎትየው መዋጯቸው ውዝፍ መሆኑን ከጸሐፊው ሳይሆን ከወንድማቸው ልጅ ይሰማሉ። ከዚያ ወዲያ ጸሐፊው ቢምሉ ቢገዘቱ ማን ያምናቸዋል? ሽማግሌ ይቀመጣል። ሽማግሌዎቹም «ለማን ተናገርክ?» ይላሉ እንጂ «ምን የሚባል ፕሮግራም ተጭኗል?» አይሉም።

የልጁም ገመና ቢሆን አልተረፈም። እሱ አርባ ምንጭ ላይ የሚነካካው ሁሉ ሶዶ ሳሎን ስክሪን ላይ ይታያል። ቴሌግራሙን በዚያው ኮምፒውተር ከፍቶ ረስቶታል፤ መልእክት ሲገባ የላኪዋ ስምና የመጀመሪያው መስመር በስክሪኑ ጥግ ብቅ ይላል። ቡና የሚያፈሉት እናቱ ያነባሉ፣ ምንም አይሉም፤ በሳምንቱ ስልክ ላይ «ለመሆኑ ማን ናት?» ብቻ ይላሉ። አያትየው ደግሞ ሌሊት ውኃ ሊጠጡ ሲነሡ ቀስቷ ብቻዋን ስክሪኑ ላይ ስትሄድ አይተው «በኢየሱስ ስም!» ብለው ገሥጸዋል። በነጋታው የጸሎት ቡድኑ መጣ፤ አንዱ ጎልማሳ ሶኬቱን ነቀለ። እስካሁን በቤቱ ከተወሰዱት የደኅንነት እርምጃዎች ሁሉ የሠራው ይኸው ነው።

የፋይዳ መታወቂያ ቅጂ፣ የቦታ ካርታ ስካን፣ ብሮውዘሩ «ላስታውስልህ?» ብሎ ያስቀመጠው ፓስወርድ ሁሉ እዚያው ሳሎን ውስጥ ነው ያለው። በጌም ሰበብ ያልገባም በጥገና ሰበብ ይገባል፤ «ኤኒዴስክ ክፈትና ቁጥሩን ንገረኝ፣ ከዚህ ሆኜ አስተካክልልሃለሁ» የማይል ባለሙያ የለም። ኤኒዴስክ ራሱ በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ሰርቨሮቹ መደፈራቸውን አምኖ ደንበኞቹን ፓስወርድ ቀይሩ ብሏል። እኛ ግን ወረቀቷን ከስክሪኑ ጥግ እንኳ አልላጥናትም።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ኮምፒውተር ውስጥ መግባትን ወንጀል ያደርጋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም በቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሳሎኑ ጣጣ ግን ሌላ ነው፤ ሁሉም የገባው በፈቃድ ነው። ፈቃዱን የሰጠችው ወጥ የጣደች ልጅ ናት።

ልጁን «ተው» ማለት ደግ አይደለም፤ ይጫወት። ለጌሙ ለብቻው፣ የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሌለው መለያ ይከፈትለት። የቤቱ ሰነድ በአባትየው መለያ ከነፓስወርዱ ይሁን። አባትየው ሥራ ሲጀምሩ ጌም ማስተላለፊያው ይጥፋ፤ ጨዋታው ቢቋረጥ ማንችስተር የለመደው ነው። የተጣመሩት መሣሪያዎች ዝርዝር አልፎ አልፎ ይታይ፤ የማይታወቅ ከተገኘ ይሰረዝ። ከሁሉ በፊት ግን ለቤቱ ሰው ይነገር፤ ማውሱ ሳይበላሽ አዲስ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

የየሰፈሩ የበሬ ማኅበር ጸሐፊዎች ሆይ፣ ኤክሴል ፋይልን ለብቻው በፓስወርድ መቆለፍ ይቻላል፤ ከአንድ ሲኒ ቡና በላይ አይፈጅም። ጊፋታ ሳይደርስ ቆልፉልን። ቀይ ላይ ያለውም ሰው ይከፍላል፤ ዶርም ውስጥ ግን አይነበብ።