ሮጦ በወደቀ ወጣት ላይ ተቀምጠው ስለሚፈርዱ ሰዎች የወጣ አዋጅ

አዋጅ፣ አዋጅ፣ የደበሎ ቅዳጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ሞዐ በሬ ዘእምነገደ ፎገራ። እኛ ሥዩማነ በርጩማ፣ በወረታ ከተማ በአንድ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ቴሌቪዥን ሥር በየማታው የምንሰየም ሊቃውንተ ስፖርት፣ ከጉማራ እስከ ርብ ባለው ሜዳ ለሚኖረው ሕዝባችን፣ እንዲሁም ከባሕር ዳር መጥቶ ወደ ጎንደር ለማለፍ ወይም ወደ ደብረ ታቦር ለመታጠፍ መኪና ለሚጠብቀው መንገደኛ ሁሉ፣ ሰላም ለክሙ እያልን ይህን ቃላችንን እናሰማለን። ነጋሪት ስለሌለን የሩዝ መፈልፈያው ሞተር ድምፅ እንደ ነጋሪት ይቆጠርልን።

ነገሩ የሆነው ነሐሴ 1 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ጾመ ፍልሰታ በገባበት ዕለት፣ ምሽቱ ገፍቶ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ በሚደበድብበት ሰዓት ነው። በፓሪስ ኦሊምፒክ በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል ፍጻሜ፣ የመጨረሻው ዙር ተደውሎ ሁላችንም ከመቀመጫችን ብድግ ባልንበት ቅጽበት፣ የ23 ዓመቱ ለሜቻ ግርማ መሰናክሉን ነክቶ ወደቀ፤ ራሱንም ከመሮጫው ጋር አጋጭቶ ሳይንቀሳቀስ ቀረ፤ በቃሬዛም ተወሰደ። በቤቱ ውስጥ ከዝናቡ በቀር የሚሰማ ጠፋ። ሻይ የሚያመላልሰው ልጅ ብቻ ትሪውን እንደ ያዘ ቆሞ «ተነሣ! በናትህ ተነሣ!» ይል ነበር። ባለ ቃሬዛዎቹ ገና ሳይደርሱ ግን ከመካከላችን አንዱ፣ እግሩን ዘርግቶ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ፣ «እኔ ብዬ ነበር፤ ይህ ልጅ ጫና አይችልም» ሲል ፍርዱን ሰጠ።

እኛም ይህን ብያኔ ሰምተን፣ በነጋታው ሸንጎ ተቀምጠን ነገሩን ከሥር መሠረቱ መረመርን። ጫና አይችልም የተባለው ይህ ወጣት፣ መስከረም 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በዶሃ የዓለም ሻምፒዮና ገና በ18 ዓመቱ ከኬንያዊው ኮንሴስለስ ኪፕሩቶ ጋር ደረት ለደረት ገጥሞ፣ ኪፕሩቶ በ8 ደቂቃ ከ1.35 ሰከንድ፣ እርሱ በ8 ደቂቃ ከ1.36 ሰከንድ በመግባታቸው፣ በአንድ ሰከንድ መቶኛ ወርቁን እንዳጣ ተረጋገጠ። ይህም ጊዜ ዐይን ለመጥቀስ እንኳ የማይበቃ ሲሆን፣ ፈራጁ ሰው «መጣሁ» ብሎ ከወጣ በኋላ እስኪመለስ ከምንጠብቀው ጊዜ ጋር የሚያነጻጽር ሒሳብ ዐዋቂ አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ በቶኪዮ ኦሊምፒክ፣ በዩጂንና በቡዳፔስትም የዓለም ሻምፒዮናዎች ብር በብር ላይ ደረበ፤ ሰኔ 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ፣ ኋላ በወደቀባት በዚያችው በፓሪስ፣ 7 ደቂቃ ከ52.11 ሰከንድ ሮጦ 19 ዓመት ሊሞላው የተቃረበውን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ።

መሰናክል የሚባለው ሩጫ ራሱ ከየት እንደ መጣ ብንጠይቅ፣ ጥንት በአየርላንድና በእንግሊዝ ምድር ፈረሰኞች በሩቅ የሚታየውን የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ምልክት አድርገው፣ አጥሩንና ቦዩን እየዘለሉ ከደብር ወደ ደብር ይሽቀዳደሙ እንደ ነበር ተነገረን። እንግዲያስ ነገሩ ለፎገራ ሰው ባዕድ አይደለም፤ በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያለብሱት፣ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ለኪዳን የሚማልድ ምእመን ሁሉ ይህንኑ ያደርጋል፤ ሰዓት የሚይዝለት ባይኖርም።

ስለዚህ እንደሚከተለው አውጀናል።

«ጫና አይችልም» የሚለውን ቃል በአደባባይ ለመናገር የሚሻ ማንኛውም ሰው፣ አስቀድሞ በነሐሴ ወር በሩዝ ማሳው መካከል 91.4 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለውን አግዳሚ እንጨት 28 ጊዜ፣ ውሃ የተኛበትን ደግሞ 7 ጊዜ ይዝለል፤ ሲዘልም ጎረቤቶቹ፣ አማቾቹና አበዳሪዎቹ ዳር ቆመው ስሙን እየጠሩ ይጩኹበት። ዋልካው ጫማውን ቢያስቀርበት ይግባኝ የለውም።

«ብር ብቻ» ማለት ከዛሬ ጀምሮ ተከልክሏል። ፈራጃችን ባለፈው ዓመት ልጁ ከክፍሉ ሁለተኛ ስለ ወጣለት ዶሮ አርዶ ጎረቤት መጥራቱን፣ አንደኛዋም የቀደመችው በግማሽ ነጥብ ብቻ መሆኑን ለእያንዳንዱ እንግዳ ማስረዳቱን ሸንጎው በምስክር አረጋግጧል። ምስክሮቹ ወጡን የበሉ ናቸው።

ወደቀ የሚባለው ሯጭ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በባሕር ማዶ ጎልፍ የሚሉት ጨዋታ አለ፤ በዱላ መመታቱ እንደ ገና ሆኖ፣ የሚገፋ፣ የሚጋፋ፣ ቅልጥም የሚመታ የሌለበት፣ ሩሯ ጸጥ ብላ መቺዋን የምትጠብቅበት፣ ተመልካቹም ቅዳሴ የገባ ይመስል ትንፋሹን የሚውጥበት ነው። በዚህ ሁሉ ጸጥታ መካከል የሰሜን አየርላንዱ ሮሪ ማክልሮይ፣ በ21 ዓመቱ፣ ሚያዝያ 2003 ዓ.ም. በኦገስታው የማስተርስ ውድድር አራት ምት እየመራ ባደረ ማግስት 80 መትቶ 15ኛውን ደረጃ ከሌሎች ጋር ተካፍሎ ወጣ። ያን ጊዜም «አይችልም» ያሉ ባለ በርጩማዎች አልጠፉም፤ ሰኔ ሳያልቅ ግን የአሜሪካን ኦፕን በስምንት ምት ልዩነት ወሰደ፤ በኦገስታ ደግሞ እስከ ሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ድረስ 14 ዓመት ደጅ ጠንቶ አሸነፈ። ስለሆነም በሻይ ቤት የሚሰጥ ማንኛውም ፍርድ 14 ዓመት ሳይሞላው እንዳይጸና፣ እስከዚያው በማኅደር ታስሮ እንዲቀመጥ አዘናል።

ከዚህ አዋጅ ነጻ የሚሆኑት በዚያ ሰዓት ፊታቸውን በነጠላ የሸፈኑ እናቶችና ያ ሻይ አመላላሽ ልጅ ናቸው፤ ልጁ በዚያ ሁሉ ድንጋጤ ውስጥ ስድስት ብርጭቆ ትኩስ ሻይ ይዞ ጠብታ አላፈሰሰምና። የቴሌቪዥኑ ሪሞትም ከእንግዲህ በእርሱ እጅ ይሁን። ፈራጁ «ሌላ ሻይ ድገመኝ» ሲለው «እሺ ጋሼ፣ የትናንቱን ሒሳብ መጀመሪያ» ማለቱ እንደ ድፍረት አይቆጠርበትም።

ይህ አዋጅ ውሃው ከሜዳው ሸሽቶ፣ ሩዙ ታጭዶ፣ ጓያ እስኪዘራ ድረስ የጸና ይሁን፤ ከዚያ ወዲያ ሥራ ስለሚበዛ ተቀምጦ የሚፈርድ አይገኝም።

የፈራጁ ስም በአዋጁ ውስጥ እንዳይጻፍ ሸንጎው በቸርነቱ ስለ ፈቀደ፣ ጸሐፌ ትእዛዙ እጅ ነሥቷል።