ሽመላና ፌስታል

ባይኖኩላሩን የገዛሁት ለኳስ ነበር። ከሰልባጅ ነጋዴ ነው፤ የግራ ዓይኑ ደፍርሷል፣ የቀኙ ደኅና ነው። በዚህ ሰበብ ዋጋ ላስቀንስ ስል ነጋዴው ባንድ ቃል ዝም አሰኘኝ። «ጋሼ፣ ኳሱም እኮ አንድ ነው!»

መጋቢት በባተ በመጀመሪያው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አዳማ ስታዲየም ርካሹ ወገን ላይ ተቀምጫለሁ፤ ፀሐይ ፊት ለፊት በምትጋረፍበት በኩል ማለት ነው። ኳሷ መሀል ሜዳ ላይ ስትንከራተት ዓይኔ ሰለቸና ሽቅብ ሸሸ። ከግቡ በላይ፣ ከሁሉም ነገር በላይ፣ ነጫጭ ነገር እየዞረ እየዞረ ወደ ላይ ይወጣል። ፌስታል ነው አልኩ። አዳማን የሚያውቅ አይፈርድብኝም፤ የከተማችን ነፋስ ፌስታል በማብረር የተካነ ነው። ከፖስታ ቤት ተነሥቶ ወንጂ አገዳ ውስጥ የሚያርፍ ፌስታል መኖሩን አልጠራጠርም።

በቀኙ ዓይን ባየው ሽመላ ሆኖ ተገኘ። ነጭ ገላ፣ ከኋላ ጠርዙ የጠቆረ ክንፍ፣ ረጅም ቀይ ምንቃር። አንድ ሁለት አይደሉም፤ ሰማንያ ድረስ ቆጥሬ ተምታታብኝ። አንዱም ክንፉን አያራግብም። ሞቃት አየር እንደ አሳንሰር ሽቅብ ያወጣቸዋል፤ ጫፉ ላይ ሲደርሱ አንድ በአንድ ወደ ሰሜን ይንሸራተታሉ።

በዚህ መሀል ጎል ገብቷል። አጠገቤ የነበረው ወጣት ትከሻዬን ይዞ ይነቀንቀኛል።

«ጋሼ፣ በእጁ ነው አይደል የነካው? እርስዎ በባይኖኩላር አይተውታል!»

«ሄዱ» አልኩት።

«እነማን?»

«ወደ ፖላንድ መሰለኝ።»

ከዚያች ቀን ወዲህ የሰፈሩ ሰው ባለቤቴን ስለ ጤንነቴ በዘወርዋራ ይጠይቃታል።

የሚገርመኝ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ያለ ወፍ አፋችንን መክፈት አለመቻላችን ነው። ሕፃን ተነሥቶ ሲንገዳገድ «ወፌ ቆመች» እንላለን። ማልዶ የተነሣ ሰው የተነሣው «ወፍ ጭጭ ሳይል» ነው። ማንም ያልዘራው ወፍ ዘራሽ ይባላል። ጋዜጠኛው ነገሩን ላይ ላዩን ሲነካካው «የወፍ በረር ቅኝት» ብሎ ያከብረዋል። ኪስ ባዶ ሲሆን ደግሞ «ወፍ የለም»። (ወፌ ላላ የምትባልም አለች፤ እሷን ግን የደረሰችባቸው ሰዎች በሕይወት እያሉ ለወግ አላነሣትም።) ይህን ሁሉ ወፍ አፋችን ውስጥ ይዘን፣ አጥራችን ላይ የምታርፈውን ቀና ብለን አናያትም። በአገሪቱ ከ850 የሚበልጡ የወፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል። እኔ ባይኖኩላር ከመግዛቴ በፊት የማውቃቸው አምስት ነበሩ፤ ቁራ፣ ጭልፊት፣ ርግብ፣ አሞራና ዶሮ። ጭልፊትንም ያወቅኩት በልጅነቴ ሥጋ ከእጄ ስለነጠቀኝ ነው።

ከሁሉ የባሰው ግን በየመስቀሉ የምንሳሳተው ነው። በዓመት አንዴ ብቅ የሚል ዘመድ ሲመጣ «አንተ የመስቀል ወፍ!» እንለዋለን። የመስቀል ወፍ እያልን ከምናደንቃቸው መካከል እነዚያ እሳት የመሰሉት፣ ጥቁርና ቀይ ወይም ጥቁርና ቢጫ የለበሱት ወንዶች፣ እውነቱን ለመናገር የትም ሄደው አልመጡም። ክረምት ሲገባ ለሴቷ ብለው ይሽቀረቀራሉ፤ ሠርጉ ሲያልፍ እንደ ድንቢጥ ቡናማ ሆነው እዚያው ማሳ ውስጥ እህል ይለቅማሉ። ሙሽራው ሱፉን ሰቅሎ ቱታ ለበሰ እንጂ አገር አልለቀቀም። እኛ ግን «ጠፋ» ብለን ተረት አወጣንለት።

እውነተኛዋ ሂያጅ ሌላ ናት። ከመስከረም ጀምሮ በከብቶች እግር ሥር ዝንብ እያሳደደች፣ ጭራዋን ሽቅብ ቁልቁል የምትነቀንቅ፣ ሆደ ቢጫ ሚጢጢ ወፍ አለች። ቆቃ ሐይቅ ዳር፣ ወንጂ ቦይ ላይ፣ ባቱ ግጦሽ ላይ ሞልታለች። ክብደቷ 20 ግራም ገደማ ነው፤ ባለቤቴ ሻይዋ ውስጥ ከምትጨምረው ስኳር ብዙም አይበልጥም። የምትመጣው በብራ ነው፣ ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ በሚከበርበት ሰሞን፤ የምትሄደው ደግሞ በአርፋሳ፣ በበልጉ ወራት። መድረሻዋ ምሥራቅ አውሮፓና ሩሲያ ነው። ግማሽ ዓመት እዚህ ትቀመጣለች። ሰው ቢሆን ስድስት ወር ሙሉ ከተቀመጠ ቀበሌ ሄዶ መታወቂያ ይጠይቃል። እሷን ግን ስትመጣ ማንም እንኳን ደኅና መጣሽ አላላትም፤ ስትሄድም ማንም አልሸኛትም። ፈረንጅ ስለ ጸደይ ሲዘምር ወፎቹ መጡልኝ ብሎ ነው፤ ከየት እንደመጡለት ግን አይዘምርም።

ለነገሩ ፈረንጆቹም ለረጅም ዘመን ወፎቹ ከየት እንደሚመጡ አላወቁም ነበር። ታላቁ አሪስቶትል አንዷ ወፍ ብርድ ሲመጣ ወደ ሌላ ወፍ ትለወጣለች ብሎ ጽፏል። (የመስቀልን ወፍ አይቶ ቢሆን ኖሮ እሰይ የኔ ልጅ ባልኩት።) ሌሎች ደግሞ ወፎች ሐይቅ ሥር ገብተው የብርዱን ወራት ይተኛሉ ይሉ ነበር። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1822 ጀርመን አገር አንድ ሽመላ አፍሪካ ውስጥ የተወረወረ ጦር አንገቱ ላይ ተሰክቶ ተገኘ። ጦሩን ይዞ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ጎጆው ደርሷል፤ እነሱ ደግሞ «እንግዲህ ምን ታደርገዋለህ» ብለው ገደሉትና አድርቀው ሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ አስቀመጡት። ከአፍሪካ የመጣ መንገደኛ ማስረጃ ካላሳየ አይታመንም የሚለው ነገር የዛሬ አይደለም።

ሽመላዎቹን ዳግመኛ ለማየት ቆርጬ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የሰፈራችንን ባለባጃጅ ቀሰቀስኩት። የነፋስ ተርባይኖቹ ወደተተከሉበት ጋራ ግርጌ ውሰደኝ አልኩት።

«በዚህ ሰዓት? ቀብር ነው እንዴ ጋሼ?»

«ሽኝት ነው።»

«ሽኝትማ ቦሌ ነው!»

ደረስን፤ ጨለማ ነው። ነጋ። የዓለም ወፍ ሁሉ ተንጫጫ፤ ሽመላ ግን ወፍ የለም። አንድ ሰዓት ሆነ፣ ሁለት ሰዓት ሆነ። ባለባጃጁ ወንበሩ ላይ ተኝቷል፤ ሒሳቡ ግን እንዳልተኛ አውቃለሁ። የተዋስኩትን የወፍ መጽሐፍ ያን ጊዜ ነው የገለጥኩት። ለካ ሽመላ ማልዶ አይነሣም! ምድር ግላ አየሩን ሽቅብ እስክትገፋለት፣ እስከ 3 እና 4 ሰዓት ድረስ፣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ነቢዩ ኤርምያስ ሽመላ ጊዜውን ያውቃል ብሎ ያመሰገነው በከንቱ አይደለም፤ ጊዜው 4 ሰዓት መሆኑን ቢጨምርልን ግን አንድ እንቅልፍ ይተርፈኝ ነበር።

የሽመላ ክንፍ ሲዘረጋ ሁለት ሜትር ይደርሳል። ያን የሚያህል ክንፍ እያራገቡ አውሮፓ መግባት የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ሞቃት አየር ላይ ተሳፍሮ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ቁልቁል እየተንሸራተተ የሚቀጥለው ሞቃት አየር ላይ ይወርዳል፤ መናኸሪያ እየቀያየረ እንደሚሄድ መንገደኛ። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማይነሣ ሜዲትራኒያንን አያቋርጥም፤ በሱዳን፣ በግብፅ፣ በሲና፣ በሊባኖስ፣ በቱርክ አድርጎ ይዞረዋል። በዚህ የስምጥ ሸለቆና የቀይ ባሕር መስመር በየዓመቱ እንደሱ በሙቀት የሚንሳፈፉ 37 ዓይነት ወፎች፣ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሆነው ያልፋሉ። ለእንዲህ ዓይነቶቹ ወፎች በዓለም ሁለተኛው ትልቅ ጎዳና ነው። አዳማ ታዲያ ጎዳናው ዳር ያለች ሻይ ቤት ናት፤ ከተማችን ድሮም የመንገደኛ ከተማ ናት።

ይህን ጮክ ብዬ ሳነብ ባለባጃጁ ነቃ።

«ማለት… ነዳጅ አይቀዱም?» አለ። ማታ ቤንዚን ሰልፍ ላይ ቆሞ ነው ያመሸው።

«ጠብታ!»

ሰማዩን ቀና ብሎ አየው። እንዲህ ያለ ቅናት ሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም።

4 ሰዓት ሲሆን መጡ። መጀመሪያ ከበስተደቡብ እንደ ጢስ፣ ከዚያ እንደ ተበተነ ወረቀት። ጋራው ላይ ደግሞ ተርባይኖቹ ይሽከረከራሉ፤ የአዳማ አንድ 34፣ የአዳማ ሁለት 102፣ ሁለቱ ተደምረው 204 ሜጋ ዋት። መሐንዲሱና ሽመላው ሳይመካከሩ አንድ ነፋስ ነው የመረጡት፤ እዚያ ላይ ነው ሆዴ ባር ባር ያለው። ግብፅ ውስጥ ስዌዝ ባሕረ ሰላጤ ዳር መንጋ ሲመጣ አይተው ተርባይን የሚያስቆሙ ሠራተኞች አሉ። እኛ ጋ በዚያ ቅዳሜ የነበርነው እኔ፣ አንድ ዓይና ባይኖኩላሬና ባለባጃጁ ነን። ባለባጃጁ ተነሥቶ ቆመ፤ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኗል፣ ፍጹም ቅጣት ምት እንደሚያይ ሰው። «ከፍ በሉ! ከፍ በል አንተ የኋላው!» የኋላው ከፍ አለ። ሁሉም በላይ በኩል አለፉ። የጠበቀበትን ሲያስከፍለኝ ከሒሳቡ ላይ ሃያ ብር ቀነሰልኝ፤ የእሱ ወገን አሸንፏል።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሱስ ሆነ። ቢሾፍቱ፣ ጨለለቃ ሐይቅ ላይ፣ ከሰሜን መጥተው የሚከርሙ ቁመተ ረጃጅም ግራጫ ወፎች እንዳሉ አነበብኩ። እንግሊዝኛው ክሬን ይላቸዋል፤ አማርኛ ስማቸውን ስላላገኘሁ እዚያው ለሚኖር ወዳጄ ደውዬ በዚያው ጠራኋቸው።

«ክሬኖቹ አሁንም አሉ? ወይስ ሄደዋል?»

«ሁለቱ አሉ። ሦስተኛው ሥራ አቁሟል፤ ለባለሕንፃው ብድር አልለቀቁለትም አሉ።»

ቀጥሎ ባቱ ወረድኩ። (ለእኔ ዝዋይ ናት፤ ስሟን ለማስተካከል እየታገልኩ ነው።) የሐይቁ ዳር፣ ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶ የሚበልቱበት ቦታ፣ አባ ኮዳ ተሰልፎ ይጠብቃል። እሱ ነዋሪ ነው፤ የትም አይሄድም፣ ለምን ይሄዳል? ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ላይ ኮዳውን አንጠልጥሎ፣ ግራጫ ካቦርቱን ደርቦ፣ የጡረታ ደብተሩን ይዞ ወረፋ የሚጠብቅ የድሮ ጸሐፊ ነው የሚመስለው። ዓሣ ለብለብ አዝዤ ቁጭ እንዳልኩ፣ ከአባ ኮዳ እግር ሥር ሆደ ቢጫዋ ውር አለች። ልትሄድ ሰሞኗ ነው፤ ቢጫዋ ደምቋል፣ ልብሷን ቀይራለች፣ ያለ ዕረፍት ትበላለች። ወፍ ለመንገድ ስንቋን የምትይዘው በስብ መልክ ሰውነቷ ላይ ነው። እንዴት ያለ መሰናዶ ነው እያልኩ በቀኙ ዓይን ስከተላት፣ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ዓሣው የለም። አባ ኮዳ አንገቱን ወደ ላይ ቀስሮ እየዋጠ ነው፤ ፊቱ ላይ ጸጸት የሚባል ነገር አልነበረም።

«አይ ጋሼ» አለችኝ ዓሣ ሻጯ ከልቧ አዝና፣ «ሩሲያ የምትሄደዋን ሲያዩ የዝዋዩ በላዎት።»

አብያታ ድረስም ሄጃለሁ፤ ስለሱ ግን አላበዛም። ውሃው ከድሮ ዳርቻው ርቆ ሸሽቷል፤ ነጭ ጨው የመሰለ ጭቃ ላይ ብዙ ተጉዤ ያየሁት ባድማስ ላይ ሮዝ መስመር ነው፣ ፍላሚንጎዎች። ልቤን የነካው የእነዚያ ከረጢት ምንቃር ያላቸው ፔሊካኖች አለመኖር ነው። መኖሪያቸው ሻላ ሐይቅ መሀል ያለች ደሴት ነው፤ ሻላ ጥልቅ ነው፣ 266 ሜትር፣ ዓሣ ግን እምብዛም አይገኝበትም። ስለዚህ እዚያ እየወለዱ አብያታ እየተመላለሱ ይበሉ ነበር፤ አዳማ አድሮ አዲስ አበባ እንደሚሠራ ጎረቤቴ። አብያታ ሲቀንስና ውሃው ሲከር ዓሣው አለቀ። ሥራ ቦታው ሲዘጋ ሠራተኛው ምን ያደርጋል? ራቅ ያለ ሐይቅ ይፈልጋል።

ሚያዝያ ሲገባ ቆቃ መንገድ ዳር ካሉት ከብቶች እግር ሥር ሆደ ቢጫዋን ፈለግኳት፤ ላሞቹ ዝንባቸውን ራሳቸው በጭራቸው ያባርራሉ። በዚያው እሑድ ኳስ ገባሁ። ያ ወጣት ቦታ ይዞልኛል። ወሬው ተዳርሶ ኖሮ የኛ ረድፍ በሙሉ ባይኖኩላሬን እየተቀባበለ ሰማይ ያያል፤ ሜዳውን የሚያየው ተቃራኒው ደጋፊ ብቻ ነው።

«ያውና ጋሼ! ያውና! ከግቡ በላይ!»

ነጭ ነገር ነው፤ እየዞረ እየዞረ ይወጣል። ረድፉ ሁሉ ተነሣ። ባይኖኩላሩን ተቀብዬ በቀኙ ዓይን አነጣጠርኩ፤ ዝም ብለው ይጠብቁኛል።

«ፌስታል ነው» አልኩ።

«አሃ፣ እሱማ የኛው ነው» አለ ወጣቱ ቁጭ እያለ፤ «የትም አይሄድም።»