ሰባቱ የጸሎት ጊዜያትና አንዲት እናት፦ መጠነኛ ጥናት

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በቀን ሰባት ጊዜ እንዲጸልዩ ታዝዛለች። ሥርዓቱ በፍትሐ ነገሥት ተጽፏል፤ መነሻውም ነቢዩ ዳዊት በቀን ሰባት ጊዜ ማመስገኑ ነው። ዳዊት ንጉሥ እንደ ነበረ ይታወቃል። ቁርሱን ማን ያቀርብለት እንደ ነበር ግን በመዝሙሩ አልተገለጸም። ይህ ጥናት ያንን ክፍተት ለመሙላት የቀረበ ነው።

የጥናቱ ዘዴ ቀላል ነው፤ አንዲትን እናት ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት መከተል። የተመረጠችው እናት አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ስትሆን ሁለት ተማሪዎችና ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ሕፃን አላት። የተመረጠችው በዕጣ አይደለም፤ ማንኛዋም ብትመረጥ ውጤቱ ያው እንደሚሆን ስለታመነበት ነው።

የነግህ ጸሎት ጠዋት 12 ሰዓት ነው። በዚህ ሰዓት ተጠኚዋ ሦስት ምሳ ዕቃ ከፍታ ቆማለች። መቆሟ ሥርዓቱን ያሟላል፤ ጸሎት ቆሞ ነውና። ወደ ምሥራቅ መዞር የሚለው ግን አልተሟላም፤ የቤቱ ምድጃ የተቀመጠው በምዕራብ በኩል ነው። አማትባ አቡነ ዘበሰማያትን አጋምሳ ሳለ ትልቁ ልጅ የአንድ እግር ካልሲው መጥፋቱን አስታወቀ። ካልሲው አልጋ ሥር ተገኘ። ጸሎቱ የት ላይ እንደ ቆመ ግን ሊገኝ አልቻለም፤ ስለዚህ እንደገና ተጀመረ። ወዲያው የሁለተኛዋ ልጅ ፀጉር መሠራት ነበረበት። ተጠኚዋ ጸሎት በመጀመር ብዛት ከገዳም መነኮሳት ሳትበልጥ አትቀርም፤ በመጨረስ ረገድ የተገኘው መረጃ አመርቂ አይደለም።

ቀጣዮቹ ሦስት ጊዜያት 3፣ 6 እና 9 ሰዓት ናቸው። የመጀመሪያው የመንፈስ ቅዱስ መውረድ፣ ሁለተኛው የጌታ መሰቀል፣ ሦስተኛው ነፍሱን በፈቃዱ የሰጠበት ሰዓት መታሰቢያ ነው። ሦስቱም በመንግሥት የሥራ ሰዓት ላይ ውለዋል፤ ስድስት ሰዓቱ ለምሳ ቢለቀቅም ምሳው ቤት ደውሎ ሕፃኑ በላ አልበላ ሲጠየቅ ያልቃል። በ9 ሰዓት የወር መዝጊያው ሒሳብ አልታረቅ ሲል ተጠኚዋ «ኧረ ኪዳነ ምሕረት!» ማለቷ ተመዝግቧል። የዚህ ዓይነቱ ጸሎት ባለ አንድ ስንኝ ሲሆን መጽሐፍም ምንጣፍም አይጠይቅም። ወተት ሲገነፍል፣ ልጅ ከሶፋ ሲወድቅ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ጨመረ ሲባል ይደርሳል። ተጠርተው የሚውሉት ቅዱሳን ብዛት በሊቃውንት ዘንድ ገና አልተጠናም።

የሠርክ ጸሎት 11 ሰዓት ላይ ተጠኚዋን ባቡር ውስጥ ያገኛታል። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ለትራንስፖርት ተብሎ ቢዘረጋም ለምእመናን ያበረከተው ሌላ አገልግሎት ሳይወሳ ቆይቷል። ከልደታ ተነሥቶ ወደ አያት የሚሄድ ሰው በእስጢፋኖስ፣ በኡራኤልና በሚካኤል ፌርማታዎች ያልፋል። ተጠኚዋ በአንድ ቲኬት አራት ደጅ ትሳለማለች፤ በእግር ቢሆን ውሎ የሚጠይቅ ነበር። በመስኮት በኩል አንገቷን ሰበር አድርጋ ታማትባለች። ባቡሩ ሲጨናነቅና እጅ አልላወስ ሲል ማማተቡ በልብ ይፈጸማል።

ከመኝታ በፊት ውዳሴ ማርያም አለ። የቅዱስ ኤፍሬም ነው የሚባለው ይህ ድርሰት ለሳምንቱ ሰባት ቀናት ተከፋፍሏል። ተጠኚዋ የሰኞውን ሰኞ ማታ ትጀምረዋለች፤ መጽሐፉ ደረቷ ላይ እንደ ተከፈተ ይነጋል፤ የሰኞው የሚያልቀው ረቡዕ ነው። በዚህ አካሄድ የእሷ ሳምንት ከሌላው ምእመን ሳምንት በእጅጉ ይረዝማል።

ያልተጠበቀው ግኝት በሰባተኛው ጊዜ፣ በመንፈቀ ሌሊት ላይ ተገኝቷል። ለዓለማውያን ከሁሉም የሚከብደው ይህ ሰዓት ነው፤ ብዙዎቹ ስለ መኖሩ የሚሰሙት በስብከት ነው። ተጠኚዋ ግን አንድም ሌሊት አላጎደለችም። ሕፃኑ ልክ በዚያ ሰዓት ይነቃል። መብራት ጠፍቷል፤ በስልኳ ብርሃን ልጁን አዝላ ከመስኮት እስከ በር ትመላለሳለች። ከሩቅ ከደብሩ የድምፅ ማጉያ ሰዓታት ይሰማል። አንድ ጊዜ ለልጁ እሹሩሩ ትላለች፣ አንድ ጊዜ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። በሕንፃው ውስጥ በዚያ ሰዓት ከሕፃኑ ሌላ የነቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እሷና ጥበቃው። የጥበቃው መንቃት በራሱ ምስክርነት ላይ ብቻ የተመሠረተ ነው።

ጾም ጊዜ ይቆጥባል ተብሎ ይታሰባል፤ የማይበላ ሰው አያበስልምና። በዚህ ቤት ግን ተቃራኒው ታይቷል። ቤተ ክርስቲያኒቱ ሰባት የአዋጅ አጽዋማት አሏት፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ሲሆን ረቡዕና ዓርቡ ሲታከል ሁሉም የሚጾመው በዓመት ወደ 180 ቀን ይጠጋል። በእነዚህ ቀናት ሁለት ድስት ይጣዳል፤ አንዱ ለጾመኛው፣ ሌላው ለጾም ላልደረሱት። የሽሮው ጨው ደግሞ ሳይቀመስ መታወቅ አለበት። ተጠኚዋ ወይ በሽታው ትገምታለች፣ ወይ ለጾም ያልደረሰችውን ልጇን ጠርታ ታስቀምሳለች። ልጅቱ ሽሮ ስለማትወድ ምስክርነቷ አድልዎ አለበት።

ቤተ ክርስቲያን እናትን ፈጽማ ረስታለች ማለት ግን ስሕተት ነው። ወንድ የወለደች 40፣ ሴት የወለደች 80 ቀን ወደ ቤተ መቅደስ ሳትገባ ትቆያለች፤ ልጁም ክርስትና የሚነሣው በዚያው ቀን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በበኩሉ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ሁለቱን ሕጎች ያነጻጸረ ተመራማሪ አንድ ልዩነትና አንድ ተመሳሳይነት ያገኛል። ልዩነቱ መንግሥት የልጁን ጾታ አለመጠየቁ ነው። ተመሳሳይነቱ ሁለቱም ልጁ መዳህ ሳይጀምር ማብቃታቸው ነው።

ልጁ መዳህ ከጀመረ በኋላ ማስቀደስ ምን እንደሚመስል ለማየት ጥናቱ አንድ እሑድ ደብር ድረስ ተጉዟል። ተጠኚዋ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ በሴቶች በኩል ቆመች። ሕፃኑ መጀመሪያ የጎረቤቷን ጧፍ፣ ቀጥሎ ከበሮውን ሊይዝ ተነሣ። ወንጌል ከመነበቡ በፊት እናትና ልጅ ቅጽሩ ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ነበሩ። እዚያም ስብሰባው የተሟላ ሆኖ ተገኘ፤ የሰፈሩ እናቶች ሁሉ ልጆቻቸውን እያባበሉ ወንጌሉን በድምፅ ማጉያ ያዳምጡ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ተጠኚዋ እሑድ እቤት ስትቀር አባወራው ያስቀድሳል። ነጠላውን የተኮሰችው እሷ ናት። ረፋዱ ላይ ተመልሶ ቡናው እስኪፈላ ተቀመጠና «ምነው አንቺም በነበርሽ፤ ስብከቱ ግሩም ነበር» አላት። ስለ ምን እንደ ነበር ጠየቀችው። «ስለ ማርታና ማርያም» አለ።

ታሪኩ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ይገኛል። ማርያም ከጌታ እግር ሥር ተቀምጣ ትሰማለች፤ ማርታ በሥራ ትባክናለች፤ ጌታም ማርያም መልካሙን ዕድል እንደ መረጠች ይናገራል። ሰባኪዎች አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ። ዮሐንስ ግን በምዕራፍ 12 ወደ እኅትማማቾቹ መንደር ወደ ቢታንያ ይመልሰናል። እንደገና እራት ተዘጋጅቷል፤ ማርታም አሁንም ታስተናግዳለች። በዚህኛው እራት የገሠጻት የለም። ከሁለቱም ምዕራፎች የማይገኘው ማርታ በጓዳ ሳለች ሌላው ሰው ተነሥቶ ድርሻዋን ስለ መያዙ የሚናገር ቃል ነው።

ለጸሎት ጊዜ የማግኘትን ጥያቄ በማያሻማ መንገድ የፈታች ባለትዳር እናት በቅዱሳን ታሪክ አለች። ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ቤቷን ትታ ደብረ ሊባኖስ ገባች፤ ኋላም በጣና፣ ጓንጉት፣ በውኃ ውስጥ ቆማ ጸለየች። የመፍትሔው ውጤታማነት የተረጋገጠ ነው። ለተጠኚዋ ግን ሰኞ የልጆቹ ፈተና ስለሆነ አልተመቻትም።

ጸሎት ቤቷ ድረስ መጥቶም እንደሚያመልጣት ማኅበር ምሳሌ ነው። የወሩ 21 ጽዋ በእሷ ተራ ሲደርስ ጠላው ቀደም ብሎ ይጠነሰሳል፣ ድፎው ይጋገራል፣ ወጡ ይሠራል። ካህኑ ተነሥተው ጸሎት ሲያደርሱ መላው ማኅበርተኛ ቆሟል፤ ተጠኚዋ ጓዳ ውስጥ ብርጭቆ ታለቃልቃለች። በዓመቱ ከፍተኛው መንፈሳዊ ጉባኤ በገዛ ቤቷ ተካሂዶ እሷ የሰማችው «አሜን»ን ብቻ ነው።

ማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. ባካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ሴቶች ክፍያ ለሌለው የቤት ሥራ ከወንዶች እጅግ የሚበልጥ ጊዜ እንደሚያውሉ ታይቷል። የአሁኑ ጥናት የሚጨምረው አንድ ነገር ነው፤ የቤቱ ሰው ሁሉ የሚጾምበት፣ የሚያስቀድስበትና ጽዋ የሚጠጣበት ጊዜ የሚወጣው ከዚያው ከእሷ ሰዓት ነው። እናት ለሃይማኖቷ ጊዜ አጣች የሚባለው ለሌላው ሁሉ አካፍላ ከጨረሰች በኋላ ነው።

የጥናቱ ውስንነት ተጠኚዋ የቀረበላትን የጽሑፍ መጠይቅ አለመመለሷ ነው። ትንሹ ልጅ ሥዕል ስሎበታል።

ምክረ ሐሳቡ ለአባወራዎች ነው። በመጪው እሑድ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ሕፃኑን እናንተ ያዙ፤ እሷ ትሂድ። ዳይፐሩ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከታች በኩል ነው። ገንፎው ማታ ተሠርቶ ተቀምጧል፤ ማሞቅ ብቻ ነው። ሌላ የጠፋባችሁ ነገር ካለ ራሳችሁ ፈልጉ እንጂ አትደውሉላት፤ ቅዳሴ ላይ ስልክ አይነሣም።