ጥሪው ተልኳል

በመኪና ፋብሪካዎች ትሕትና የማይደነቅ ሰው ቢገኝ ውለታ ቢስ መሆን አለበት። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራው ኤርባግ፥ በውስጡ ያለው አሞኒየም ናይትሬት ሙቀትና እርጥበት ለዓመታት ሲፈራረቁበት እየተበላሸ፥ በግጭት ጊዜ ሊያድነው የሚገባውን ሾፌር በብረት ስብርባሪ እንደሚወጋ በታወቀ ጊዜ፥ ኩባንያው በ2009 ዓ.ም. ጥፋቱን አምኖ 1 ቢሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወርም ለኪሳራ ጥበቃ አመለከተ፤ ቶዮታን የመሰሉ ፋብሪካዎችም ይህ ኤርባግ የተገጠመለትን፥ እንደ ኮሮላና ቪትዝ ያለ መኪና የገዛውን ሁሉ መጥቶ በነፃ እንዲያስቀይር በመልእክት ጠሩት።

መልእክቱም እንደ ሥርዓቱ በመዝገብ ለተጻፈው ባለቤት ይላካል። መኪናው ግን ባሕር ተሻግሮ፥ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ፥ ዛሬ ወላይታ ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ቆሟል። የሩቁ ባለንብረት ደብዳቤውን ሲያነብ ለሸጠው መኪና እንደሚጸልይለት የታመነ ነው። በሶዶም ቢሆን የሃይማኖት ጉድለት የለም፤ መሪው ፀጉራም ልባስ ተሰፍቶለታል፥ በኋላ መስታወቱ «ኢየሱስ ጌታ ነው» ተለጥፏል፥ ዳሽቦርዱ ላይ እየበራ ሰላም ሲነሳ የነበረውንም የኤርባግ መብራት የጋራዡ ኤሌክትሪሺያን አምፑሉን ነቅሎ ፈውሶታል።

እንግዲህ ደብዳቤ ሲላክ ኃላፊነት የሚፈጸም፥ መብራት ሲጠፋም ጉድለት የሚጠፋ ከሆነ፥ ደብዳቤውን ሁሉ ለሌላ ሰው ልኮ አምፑሉን ሁሉ በነቀለ ዓለም ውስጥ አንድም ብልሹ መኪና አይገኝም፤ የሚገኙት ብልሹ ሾፌሮች ብቻ ናቸው።

አንተ ግን፥ ባለመኪና ሆይ፥ የሻንሲ ቁጥርህን ይዘህ የፋብሪካውን ወኪል ጠይቅ፤ ደብዳቤው አንተን አያውቅህም።