የአባቴ ሜትር፣ የእናቴ ቡፌ

ዘመድ ያለው አርክቴክት ደንበኛ አያጣም፤ ከፋይ ግን ያጣል። በእኛ ቤተሰብ ወገቡን ያመመው ሐኪም ቤት ይሄዳል፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ የደረሰው ጠበቃ ይይዛል። ግድግዳ ማፍረስ ያማረው ግን እኔን እሁድ ምሳ ይጠራኛል። ገና መሶቡ ሳይነሳ፣ "እስቲ እዚህች ላይ ጫር ጫር አድርግልኝ" ይባላል። "እዚህች" የምትባለው ብዙ ጊዜ ሶፍት ናት። ሶፍት ላይ በስክሪብቶ ቤት የሳለ ያውቀዋል፤ መስመሩ ሳያልቅ ወረቀቱ ይቀደድና ማንም ባላሰበበት ግድግዳ ላይ በር ይከፈታል። ከእነዚያ በሮች አንዳንዶቹ ዛሬ ሰው ይገባባቸዋል።

ሶፍት ሲጠፋ በእድር ደረሰኝ ጀርባ፣ በመድኃኒት ካርቶን፣ በሠርግ መጥሪያ ፖስታ ላይ እስላለሁ። ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ የሰው ጉልበት ከፊተኛው ወንበር ጋር ሲጋጭ አያለሁና እሱንም እስላለሁ፤ ስለ ጠባብ ቦታ ከታክሲ ረዳት የበለጠ የሚያውቅ ባለሙያ ገና አላገኘሁም። ቢሮ ኮምፒውተር አለ። ኮምፒውተሩ ግን ገና ሳልጀምር "ስንት ሴንቲሜትር?" ይለኛል። ገና ምን እንደምፈልግ ሳላውቅ ሴንቲሜትር ከየት አመጣለሁ? እርሳስ እንዲህ አያፋጥጥም።

ልማዱን ያወረሰኝ አባቴ ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ልጅ ሆኜ ከሲንጀሩ አጠገብ ቁጭ ብዬ የማየው ይህንኑ ነበር፦ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ የሰው ልክ ይወስዳል፣ አሮጌ ጋዜጣ ላይ እጅጌና አንገትጌ ይነድፋል፣ ከዚያ ባለቀች ሳሙና ቁራጭ ጨርቁ ላይ ያሰምራል። በሳሙና የተሰመረ መስመር ታጥቦ ስለሚጠፋ እጁ አይንቀጠቀጥም። በሕይወቴ መጀመሪያ ያየሁት ፕላን የሱሪ ፕላን ነው።

ኋላ ልደታ የሚገኘውን የአርክቴክቸር ትምህርት ቤት ገባሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተጀመረውን ማለቴ ነው። ሌሊቱን ስስል አድሬ፣ አንድ ባለ አንድ ፎቅ መኖሪያ ቤት ይዤ ለአባቴ አሳየሁት። መነጽሩን አወረደ፣ ወረቀቱን እንደ ጨርቅ ዳበሰው።

"ለዘምዘሚቱ ስንት ተውክለት?" አለኝ።

ዘምዘሚት እሱ ዘንድ ሃይማኖት ነው። የልጅ ሱሪ ሲሰፋ ከታች ታጥፎ የሚቀር ጨርቅ ከሌለው፣ ልጁ በሚቀጥለው ዓመት ቁርጭምጭሚቱ ወጥቶ ሰፊው ይሰደባል። ኮንክሪት እንደማይታጠፍ አስረዳሁት።

"ባለቤቱ አይወልድም?" አለኝ።

አስተማሪዎቼ ስለ ብርሃን፣ ስለ መዋቅር፣ ስለ ምጣኔ ብዙ አስተምረውኛል፤ ይህን ጥያቄ ግን አንዳቸውም አልጠየቁኝም። ከዚያ በኋላ ከተማውን ስዞር የማየው ዘምዘሚት ብቻ ሆነ። ከየቤቱ ጣሪያ በላይ ሽቅብ ቆሞ የሚዝገው ፌሮ ምንድን ነው? ገንዘብ ሲገኝ፣ ልጅ ሲያገባ፣ ለሚመጣው ፎቅ የተተወ ትርፍ ጨርቅ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ የከተማውን ገጽታ አበላሸ ይሉታል። እኔ ሳየው የአባቴ ደንበኞች ትዝ ይሉኛል።

እናቴ ደግሞ ሌላ ናት። እሷ ፕላን አታነብም፤ ትመረምራለች። ምርመራው የሚጀምረው ከምጣዱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወርዱ ወደ 60 ሴንቲሜትር ነው፤ ከሦስት ኪሎዋት በላይ ይስባል፣ ለብቻው መስመር ካልተዘረጋለት ቤቱን ጨለማ ያደርገዋል፣ እንፋሎቱም የጂፕሰም ኮርኒስ ያፈርሳል። በዓለም ያሉ አርክቴክቶች ልክ የሚያዩበት የኖይፈርት መጽሐፍ እኔም አለኝ፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ጀርመን ውስጥ የታተመ፣ እስካሁንም እየታደሰ የሚወጣ ነው። የእኔው ቅጂ የዶሮ ቤት ልክ ሳይቀር ይነግራል። ምጣድ የለበትም። ስለዚህ ለምጣድ የማመሳክረው እናቴን ነው።

ቀጥላ፣ "ድንኳኑ የት ይተከላል?" ትላለች። ሰው ሁሉ ያለቅሳል፣ ሰው ሁሉ ይድራል፤ ይህን ያላሰበ ቤት እሷ ዘንድ ቤት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በተሠሩት የኮንዶሚኒየም መንደሮች በግ የሚታረድበትና እንጀራ የሚጋገርበት የጋራ ቤት እንዳለ ስነግራት ደስ አላት። "ያን የሳለው ልጅ እናት አለችው" አለች። እንግዲህ ከእናቴ አፍ ለአርክቴክት የወጣ ምስጋና እስካሁን ይኸው ብቻ ነው፤ ለእኔም አይደለም።

አጎቴ ጋሼ በበኩላቸው መስታወት ይወዳሉ። ከታች እስከ ላይ ሰማያዊ መስታወት። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ፀሐይዋ የማትቻል መሆኗን፣ መስታወቱ ውስጥ የገባ ሰው ከሰዓት በኋላ እንደሚቀቀል በሶፍት ላይ ስዬ አሳየኋቸው። መስታወት ካሉማ፣ አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈውንና እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽ ይዩ አልኳቸው፤ አፈወርቅ ተክሌ በ150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት የአፍሪካን ታሪክ የሣለበትን።

"እሱማ ሥዕል ነው" አሉኝ። "እኔ የምለው የሚያብለጨልጨውን ነው።"

እናቴ ሰሞኑን አኩርፋኝ ነበር። ለሰው ሁሉ ስስል ለእሷ ምንም አለመሳሌ ቆጭቷት ነው። ላጽናናት ብዬ የሌ ኮርቡዚዬን ነገር አነሳሁላት፤ ስዊዘርላንድ ተወልዶ ፈረንሳይ የኖረውን ዝነኛ አርክቴክት። እሱም ለእናትና ለአባቱ በጄኔቭ ሐይቅ ዳር ቤት ሠርቶላቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1923 ተጀምሮ የተሠራ፣ 64 ካሬ ሜትር ብቻ የሆነ። የሚገርመው፣ ሰውየው መጀመሪያ ፕላኑን ሣለ፣ ከዚያ ፕላኑን ኪሱ ከቶ መሬት ፍለጋ ወጣ።

"ካርታ ሳይኖረው?" አለች እናቴ። "ሲመለስ ይፈርስበት ነበር።"

ለሐይቁ የተከፈተው መስኮት 11 ሜትር ያህል እንደሚረዝም፣ ያንን ወገን አብዛኛውን እንደያዘው በደረሰኝ ጀርባ ስዬ አሳየኋት። ትኩር ብላ አየችው። እኔም ውበቱ ገባት ብዬ ጠበቅሁ።

"ቡፌው የት ገባ?"

ቡፌ ማለት በእናቴ ሳሎን ከወለል እስከ ጣሪያ የቆመ፣ ማንም የማይጠጣባቸው ብርጭቆዎች በዳንቴል ላይ ተሰልፈው እንግዳ የሚጠብቁበት ነው። ስንት ቤት ስስል መስኮት ያስዘጋኝ እሱ ነው። ፈረንጅ ቡፌ የለውም አልኳት። "ብርጭቆም የለውም?" አለችኝ።

መከራከሪያ ሳጣ የመጨረሻውን ማስረጃ አወጣሁ፦ አባትየው ቤቱ ካለቀ ብዙም ሳይቆዩ ቢሞቱም፣ እናትየው እ.ኤ.አ. እስከ 1960 ድረስ፣ መቶ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው እስኪያርፉ፣ ከዚያች ቤት አልወጡም። ባይመቻቸው ኖሮ ከ30 ዓመት በላይ ይቀመጡ ነበር?

እናቴ ደረሰኙን አጥፋ መለሰችልኝ።

"ታዲያ ምን ያድርጉ?" አለች። "ልጃቸው አይደል የሠራው!"