ከጀሞ መውጣት

ከጀሞ ወላይታ ሶዶ፣ በቡታጅራ በኩል፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዚህ ሁሉ መንገድ እንደ ጀሞ የሚከብድ የለም። የኮንዶሚኒየሙ ጣሪያ ገና ከኋላ መስታወት ሳይጠፋ የባለቤቴ ስልክ ይጮሃል፤ እናቷ ናቸው።

«የት ደረሳችሁ?»

«ዓለም ገናን አለፍን፣ እማዬ።»

ከፊታችን አሸዋ የጫነ ሲኖ፣ ከኋላችን ሌላ ሲኖ፣ ግራና ቀኝ ባጃጅ። ደግነቱ አማቴ ልጃቸውን ያውቋታል፤ ከምትለው ላይ አንድ ሁለት ከተማ ቀንሰው ነው ወጡን የሚጥዱት።

ከተማው አለቀ ሲሉት አያልቅም። ብሎኬት ማምረቻ፣ መጋዘን፣ ቆርቆሮ አጥር፣ ደግሞ ብሎኬት ማምረቻ። ድንገት የጤፍ ማሳ ብቅ ይላል፤ መስኮት ይከፈታል፤ መኪና ውስጥ ያለው ሁሉ ገጣሚ ይሆናል።

አዋሽ ዳር መልካ ቁንጡሬ አለ፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው። ከዛሬ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ የጥንት ሰዎች ድንጋይ እየጠረቡ የኖሩበት ስፍራ ነው። ቦታ አመራረጥ ያውቁ ነበር፤ ከጀሞ መጨናነቅ ማዶ! ወረድ ሲሉ ጢያ ነው። ጎራዴ የተቀረጸባቸው ትክል ድንጋዮች የጀሞን የታክሲ ሰልፍ መስለው ቆመዋል፤ ድንጋዮቹ ግን አይጋፉም።

ከዚያ ወዲያ እንሰት ቤቱን ሁሉ ይከባል። ቡታጅራ ደርሶ ክትፎ ሳይበላ የሚያልፍ ሹፌር መንጃ ፈቃዱ ይመርመርልኝ። ባለቤቴ ግን ቀድማ ወደ ገበያ ናት፤ ለእናቷ የማረቆ በርበሬ ልትገዛ። ዳጣ ለሚሠራ አገር በርበሬ ይዞ መሄድ! ብናገርም የሚሰማኝ የለም። አማቴ መርቀው ይቀበላሉ፤ ልንመለስ ስንል ያንኑ በርበሬ ዳጣ አድርገው ይሸኙናል።

ዳጣው ብቻ ቢሆን በወደድኩ። ቅቤ፣ ማንጎ፣ አቮካዶ፣ አንድ ጆንያ ቦዬ ይከተላል። ምስኪኗ ቪትዝ ሆዷ አስፋልት ይልሳል፤ ጉብታ በደረስን ቁጥር ልጆቹ ወርደው በእግር ይሻገራሉ። «ይቀነስ» ብል አማቴ ቀና ብለው ያዩኛል፤ «የእኔ ልጅ፣ እንግዲህ ናቅከን?» ጆንያው ሁለት ይሆናል።

ወደ ደቡብ የምትነሱ ጎረቤቶቼ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት በፊት ከሰፈር ውጡ። ለመመለስ ስትነሱ ደግሞ፣ ቦዬው ሳይጫን በፊት፣ ጎማችሁን ንፋስ አስሞሉ።