ቃል ያልተገባለት መራጭ

መራጭ የዕጩ ተወዳዳሪን ንግግር ሰምቶ ማማረሩ የትም ያለ ነው፤ በራያ፣ ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው የጎብዬ መራጭ ግን ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር ሰው በሐሰት እንኳ ቃል ገብቶለት ስለማያውቅ፣ የሚያማርርበት ንግግር አጥቶ ይቸገራል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 70 መሠረት ርእሰ ብሔሩን በዕጩነት የሚያቀርበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲሆን፣ ከፌዴሬሽን ምክር ቤት ጋር በጋራ ተሰብስቦ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ለ6 ዓመት ይመርጠዋል።

አሠራሩ ብልሃት አያጣም፤ ሆኖም የራያ ሰው ሳያይ መግዛት አልለመደም። ፍየል ሊገዛ ገበያ የወጣ ሰው፣ ደላላው የቱንም ያህል ቢምል፣ ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን ያያል፤ የፊተኞቹ ሁለት የወተት ጥርሶች፣ ማለትም በግልገልነቷ ያበቀለቻቸው፣ ረግፈው በትልልቅ ከተተኩ ዓመት እንዳለፋት ይታወቃል፤ ለዐረፋ የምትታረድ ፍየል ዓመት የሞላት መሆን ስላለባት ደግሞ ክርክሩ ከጥርስ ተነሥቶ ወደ ሸሪዓ ይሻገራል፤ ከዚያ ወገቧ ይዳሰሳል፣ ባለቤቷ ተቀይሞ ገመዱን እየጎተተ ይሄዳል፣ ጥቂት ራቅ ብሎም እስኪጠሩት ይጠብቃል።

በአንጻሩ መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ታዬ አጽቀ ሥላሴ ለፕሬዚዳንትነት ተመርጠው፣ ቃለ መሐላ ፈጽመው፣ በዚያው ዕለት የመንግሥትን የዓመቱን አቅጣጫ ለምክር ቤቶቹ አሰሙ። ለመስማት የበቃ ሕዝብ ለመጠየቅ እንዳልበቃ መቆጠሩ ብልሃት ሳይሆን ንቀት ነው፤ የሚዋሽም ከሆነ ቢያንስ ፊቱ ቆሞ፣ ዐይኑን እያየ ሊዋሸው ይገባ ነበር። የፌዴራላዊ ሪፐብሊኩ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ እንኳ በደምቢ ዶሎ ለምክር ቤት በግል ተወዳድረው ያሸነፉት በ1997 ዓ.ም. ማለትም ከቤተ መንግሥት ከወጡ በኋላ ነው።

ይሁንና ነገሩን ረጋ ብሎ ላየው፣ ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም. አሜሪካውያን ድምፅ እስኪሰጡ ድረስ የትራምፕንና የሃሪስን ተስፋ በራዲዮ የተከታተለ የራያ አድማጭ፣ የሌላ አገር ሰው በተገባለት ቃል ቀንቶ ምን እንዳተረፈ ማስረዳት ይከብዳል። ለጎብዬስ ምን ቃል ሊገባላት ነው? ጠለፋውን፣ ማለትም ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሽላ ማሳ የመምራቱን ጥበብ፣ ገበሬው ከማንም ዕጩ በላይ ያውቀዋል፤ ዝናብ አዘንማለሁ የሚል ዕጩ ቢመጣ ደግሞ ከፓርቲ ይልቅ ከሼሆችና ከቀሳውስት ጋር መጣላቱ አይቀርም። ቅስቀሳው በገበያ ቀን ከዋለም ሞንታርቦ የሚባለው ትልቁ ድምፅ ማጉያ ፍየሎቹን ያስበረግጋል፤ የበረገገች ፍየል ጥርሷን አላሳይ ስትል ዋጋዋ ይቀንስ ወይስ በደላላው መሐላ ትሸጥ የሚለው ደግሞ ራሱን የቻለ ሙግት ነው።